የጋራ ደን ጠባቂው ማን ነው? ከባሕር ዳር ማንግሮቭ እስከ ቄራ ወንዝ

በባሕር ዳርቻ ስለሚበቅለው ማንግሮቭ ስለሚባለው ደን አጠባበቅ አንድ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ባሰብን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዱ «ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ባሕር ዳር ደን ምን አስጨነቀው?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። በየጊዜው በምንሻገረው በቄራ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ እንኳ ባሕር አይደርስም፤ ወደ አቃቂ ይወርዳል፣ አቃቂም አዋሽን ይቀላቀላል፣ አዋሽም የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከአቤ ሐይቅ ይገባና በዚያው ይቀራል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በመረመርን መጠን፣ ስለ ማንግሮቭ የሚደረገው ክርክር የአንድ ዛፍ ክርክር ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። የክርክሩ ሥር «ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን፣ ነገር ግን ማንም ለብቻው የእኔ ነው ሊለው የማይችለውን ሀብት ማን ይጠብቀው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ለሚኖረው ዓሣ አጥማጅ እንደሚቀርብ ሁሉ፣ በመንዝ ደጋ ለሚኖረው ባላገርና በቄራ ወንዝ አጠገብ ለሚኖረው የከተማ ሰውም ይቀርባል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕዝብና መንግሥት ተባብረው ደን ሲጠብቁ ትብብሩ በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚፈርስ በተጨባጭ ምሳሌ ማስረዳት፣ ቀጥሎም በሰፈራችን ወንዝ ላይ ምን ማድረግ እንደሚቻል ማመልከት ነው።

1. ማንግሮቭ ምን ዓይነት ደን ነው?

ማንግሮቭ የአንድ ዛፍ ስም ብቻ አይደለም። የባሕር ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላና እየጎደለ በሚያጥበው ጭቃማ ዳርቻ ላይ፣ ሌላ ዛፍ ሊኖርበት በማይችል ጨዋማ ቦታ የሚበቅሉ የልዩ ልዩ ዛፎች የወል መጠሪያ ነው። የሚገኙትም ሙቀት ባለባቸው አገሮች ሲሆን፣ በመላው ዓለም ያለው ስፋታቸው 15 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው።

እነዚህ ዛፎች በዚያ ቦታ ለመኖር የሚያስችላቸው የተለየ አፈጣጠር አላቸው። ጭቃው አየር የሌለው በመሆኑ፣ አንዳንዶቹ ሥራቸውን እንደ ችካል ከመሬት ወደ ላይ አውጥተው ይተነፍሳሉ። ሌሎቹ ከግንዳቸው ብዙ እግር የመሰለ ሥር ወደ ታች ሰድደው በማዕበል መካከል ይቆማሉ። ጨውን ገና ከሥራቸው የሚያጣሩ አሉ፤ ከገባም በኋላ በቅጠላቸው የሚያስወጡም አሉ። የአንዳንዶቹም ዘር ከእናቱ ዛፍ ሳይወርድ በዚያው በቅሎ፣ ችግኝ ከሆነ በኋላ ወደ ጭቃው ይወድቃል።

ጥቅማቸውም ብዙ ነው። የማዕበሉን ኀይል ያበርዳሉ፤ ከየብስ ታጥቦ የመጣውን ደለል ይይዛሉ፤ ለትንንሽ ዓሦችና ለሸርጣኖች መሸሸጊያ በመሆን የዓሣ አጥማጁን ገበያ ይጠብቃሉ። በጭቃው ውስጥ ሳይበሰብስ ለዘመናት የሚቀመጠው ካርቦን ብዙ ስለ ሆነ፣ በአሁኑ ጊዜ የዓለምን የአየር ንብረት የሚያጠኑ ሊቃውንት ለማንግሮቭ ከፍ ያለ ግምት ይሰጡታል።

በቀይ ባሕር ዳርም ማንግሮቭ አለ። በምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ ጎርደን ሳቶ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆነው ያደረጉት ሙከራ የታወቀ ነው። ሳቶ ማንግሮቭ በዚያ ዳርቻ የሚበቅለው በክረምት ጎርፍ ከሚወርድባቸው ቦታዎች ብቻ መሆኑን ተመለከቱ። ከዚያም የጎደለው ጎርፉ ከየብስ ይዞት የሚመጣው ምግብ መሆን አለበት ብለው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት ከችግኙ ሥር ቢያኖሩ፣ ባዶ በነበረው ዳርቻ ዛፉ በቀለ። ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ከዚህ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፤ የባሕር ዳር ደን የሚመገበው ከላይ ከደጋ ከሚወርደው ውሃ ነው። ላይኛውና ታችኛው ተያያዥ ናቸው።

2. የጋዚ መንደሮች ውል

ማንግሮቭን ያጠፋው በአብዛኛው ድኻው እንጨት ለቃሚ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። በእስያ አገሮች ሰፊ ደን የተመነጠረው ለውጭ ገበያ የሚሸጥ ሽሪምፕ ለማርባት ኩሬ ሲቆፈር ነው። በብዙ ቦታ ደኑ በሕግ የመንግሥት ሆኖ ሳለ መንግሥት ሩቅ ነው፤ ሕዝቡ ቅርብ ሆኖ ሳለ መብት የለውም። በዚህ መካከል ገንዘብ ያለው ሰው ይገባና ደኑን ይወስደዋል።

ለዚህ መፍትሔ ከፈለጉት አንዱ የጎረቤታችን የኬንያ የጋዚ ሰላጤ ሕዝብ ነው። ጋዚ ከሞምባሳ ወደ ደቡብ የሚገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ማንግሮቩ ለቤት ምሰሶና ለማገዶ እየተቆረጠ ከተጎዳ በኋላ፣ የኬንያ የባሕርና የዓሣ ሀብት ምርምር ተቋም ሊቃውንት ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆነው መልሰው መትከል ጀመሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. ኬንያ ያወጣችው የደን ሕግ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር በውል ደን እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ። በዚህ መሠረት ጋዚና ማኮንጌኒ የተባሉት መንደሮች በ2013 እ.ኤ.አ. «ሚኮኮ ፓሞጃ» የተባለውን ሥራ አቋቋሙ፤ ትርጓሜውም በስዋሂሊ «ማንግሮቭ በአንድነት» ማለት ነው። የሚጠብቁት 117 ሄክታር ያህል ነው። ደኑ የሚይዘውን ካርቦን በዓለም ገበያ ይሸጣሉ፤ የሚያገኙትንም ገንዘብ ራሳቸው ተነጋግረው ለንጹሕ ውሃና ለትምህርት ቤት ያውሉታል።

ቦታው ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። የመንደሩ ሴት ውሃ ከቧንቧ ስትቀዳ ውሃው ከደኑ እንደ መጣ ታውቃለች። እንግዲህ ዛፍ ሊቆርጥ የመጣውን ሰው የምትከለክለው የመንግሥትን ንብረት ለመጠበቅ ብላ አይደለም፤ የራስዋን እንስራ ለመጠበቅ ነው።

በሊቃውንት ዘንድም ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዐሳብ ሲከራከር ኖሯል። ጋሬት ሀርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ከብት ሲጨምር ጥቅሙ ለእርሱ፣ ጉዳቱ ግን ለሁሉ ነውና ብለው ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በልዩ ልዩ አገሮች ያሉትን የጋራ ሀብቶች መርምረው፣ ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቁት ግጦሽ፣ የመስኖ ውሃና ደን እንዳለ አሳዩ፤ ለዚህም በ2009 እ.ኤ.አ. በኤኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሀርዲን የገለጹት የጋራ ሀብትን ሳይሆን ባለቤትና ደንብ የሌለውን ሀብት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ መሆን አልነበረበትም፤ ምክንያቱን ቀጥለን እንመለከታለን።

3. የመንዝ ጓሣ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በመንዝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ጓሣ የሚባል ምድር አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ፣ ምድሩም በድርቅ ጊዜ ለከብት ማቆያ ያገለግላል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ከዚህ ምድር የሚነሡ ምንጮች በታች ያለውን አገር ያጠጣሉ።

የመንዝ ሰዎች ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል። አገሩን ካቀኑት አባቶች የሚወለዱት ሰዎች በአቅኚ አጽመ ርስትነት መብት ነበራቸው። ጠባቂ አለቃ ይመርጡ ነበር። ምድሩ ለጥቂት ዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜ ይከፈታል፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ ከብት ይገባል፤ ከዚያም መልሶ ይዘጋል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ይህ ሁሉ የሆነው የደን መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር በኢትዮጵያ ከመታሰቡ እጅግ አስቀድሞ ነው።

በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። ስለ ሥርዓቱ ስንጽፍ ማሞገስ ብቻ አይገባንም። አጽመ ርስት የሌለው ሰው ከጓሣ ጥቅም ውጭ ነበር፤ ስለዚህ አዋጁ በወጣ ጊዜ ደስ ያለው ሰውም ነበረ። ነገር ግን አሮጌው ደንብ ሲነሣ በቦታው የቆመ አዲስ ደንብ ስላልነበረ ሁሉም እንደ ልቡ ገባበት፤ ሣሩም ቁጥቋጦውም ተጎዳ። ሀርዲን የተናገሩት ነገር በመንዝ የታየው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ከየቀበሌው ተወካይ መርጦ፣ የመተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ አጽመ ርስት ያለውንና የሌለውን ሳይለይ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። የአማራ ክልል መንግሥትም ቦታውን የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ ዐወቀለት። አሮጌው ሥርዓት ደንብ ነበረው፣ እኩልነት ግን አልነበረውም፤ የ1967ቱ አዋጅ እኩልነት አመጣ፣ ደንብ ግን አልነበረውም። አሁን ያለው ሥርዓት ሁለቱን ለማስታረቅ የተደረገ ሙከራ ነው።

4. የአዋሽ ራስ፣ ጭሊሞ

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከቄራ ውሃ ጋር ዝምድና ያለው ነው። የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ከምትገኘው ከጊንጪ አካባቢ ከፍተኛ ቦታዎች ይነሣል። በእነዚያ ቦታዎች የጭሊሞ ደን አለ። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ በማዕከላዊው ደጋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ አድርገውታል።

የአገራችን የደን ሕግ ለረጅም ጊዜ ሕዝብን እንደ ጠባቂ አልቈጠረም። በ1957 ዓ.ም. የወጡት የደን ሕጎች ደንን የመንግሥት፣ የግልና የጥበቃ ደን ብለው ከፋፈሉ፤ የማኅበረሰብ ደን የሚል ክፍል አልነበረም። በደርግ ዘመን ደግሞ ትላልቆቹ ደኖች ሁሉ በመንግሥት እጅ ሆኑ፤ ጭሊሞም ቅድሚያ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ከተለዩት አንዱ ነበር። ጠባቂው ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ዘበኛው ጠፋ፤ በብዙ አገር ደን ተጨፈጨፈ። ሕዝቡ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። የዘበኛው ደን እንጂ የእርሱ ደን ነው ብሎ የነገረው ስላልነበረ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ገደማ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በጭሊሞ አዲስ ዘዴ ጀመረ፤ ይኸውም አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በደኑ የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ ይጠናል፤ ከብት የሚያሰማራው፣ ንብ የሚያንበው፣ ጭራሮ የምትለቅመው ሴት ሁሉ ይቈጠራሉ። ቀጥሎ ወሰኑ በእግር እየተዞረ ይለያል። ሦስተኛ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከባለሙያው ጋር ሆነው ዛፉን ይቈጥራሉ፤ በዚህም ደኑ በዓመት ምን ያህል ቢወሰድበት እንደማይጎዳ ይታወቃል። አራተኛ፣ የአስተዳደር ዕቅድ ይወጣል። በመጨረሻም ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ውል ይፈርማሉ። በውሉ ማኅበሩ ደረቅ እንጨት፣ ሣር፣ ማርና በተተከለው ደን የደረሰውን ግንድ የመጠቀም መብት ያገኛል፤ በልዋጩ ይጠብቃል፣ ይተክላል፣ የጣሰውን ይከሳል።

በባሌና በአርሲ ወሰን በአዳባና በዶዶላ ደኖችም በጀርመኖች የቴክኒክ ርዳታ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በዚያ እያንዳንዱ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ተሰልቶ ለማኅበሩ 360 ሄክታር ያህል ይደርሰዋል። የማኅበሩ ስም «ዋጂብ» ይባላል። በኦሮምኛ «የደን ነዋሪዎች ማኅበር» የሚለው ሐረግ ሲያጥር የሚገኝ ቃል ነው፤ በዐረብኛ ግን «ግዴታ» ማለት ነው። አብዛኛው ሕዝብ እስላም በሆነበት አገር ይህ የቃል ግጥጥሞሽ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ነገር ግን ውል ሁለት ወገን አለው። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ ሲወጡ፣ ካነሣሷቸው ምክንያቶች አንዱ የደን መሬት ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ ነው መባሉ ነበር። ተቃውሞው ከአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ጋር ተቀላቅሎ በኦሮሚያ ሁሉ ተስፋፋ፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ጠፋ። የዚያ ዘመን ታሪክ ብዙ ምክንያት ያለው ነውና በአንድ ደን ብቻ ሊገለጽ አይችልም። ሆኖም ለዓመታት «ይህ ደን የእናንተ ነው» የተባለ ሕዝብ ደኑን ያለ ፈቃዱ ሊያጣ ነው ብሎ ሲያምን ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደንና የማኅበር ደን የሚሉ ክፍሎችን በግልጽ ዐወቀ። ከ1957 እስከ 2010 ዓ.ም. 53 ዓመት መሆኑን ስናሰላ፣ የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያወቁትን ነገር ሕጋችን ለመጻፍ ምን ያህል እንደ ዘገየ እንረዳለን።

5. ከምሳሌዎቹ የሚገኘው ትምህርት

ከጋዚ፣ ከጓሣና ከጭሊሞ አምስት ነገር እናገኛለን።

ሀ/ ወሰኑና አባሉ የታወቀ መሆን አለበት። «የሁሉ ነው» የተባለ ነገር ጠባቂ የለውም።

ለ/ ጥቅምና ግዴታ አብረው መሄድ አለባቸው። ከደኑ ምንም የማያገኝ ሰው ደኑን እንዲጠብቅ መምከር ከንቱ ነው። ችግኝ የሚተክሉ እጆች ብዙ ናቸው፤ ችግኙን በበጋ የሚያጠጣው ግን ከዛፉ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው ነው።

ሐ/ መንግሥት ከማኅበሩ ኋላ መቆም አለበት። የመንደር ሽማግሌ ጎረቤቱን ሊገሥጽ ይችላል፤ መኪና ይዞ ግንድ ሊጭን የመጣውን ነጋዴ ግን የሚያቆመው ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው።

መ/ መንግሥትም ራሱ በውሉ መታሰር አለበት። በአንድ ደብዳቤ ሊሻር የሚችል መብት፣ መብት ሳይሆን ውሰት ነው፤ የተዋሰ ሰው ደግሞ ለልጅ ልጁ አይተክልም።

ሠ/ ድኻው መረሳት የለበትም። ደን ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው በጀርባው ጭራሮ ተሸክሞ የሚያድር ሰው ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው፣ ሌላ መተዳደሪያ ሳያዘጋጁ «ደን አትንኩ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

6. ወደ ቄራ ስንመለስ

አሁን ወደ ራሳችን ወንዝ እንመለስ። የአዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦና ከአካባቢው ከፍታዎች ተነሥተው ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያቋርጣሉ፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ሐይቅ ይወርዳሉ። እንግዲህ ከጭሊሞ በንጽሕና የተነሣው አዋሽ ገና በመንገዱ ላይ ሳለ የእኛን የከተማ ሰዎች እድፍ ይቀበላል። ጥቂት ገበሬዎች ራሱን በውል ሲጠብቁት፣ ብዙ የተማረ ሰው ያለበት ከተማ ወገቡን ያቆሽሻል።

በቄራ፣ በጎፋና በመካኒሳ ወንዝ ዳር ለብዙ ዓመታት ጎመን፣ ሰላጣና ሌላም አትክልት በወንዙ ውሃ ሲመረት ኖሯል፤ በየገበያውም ሲሸጥ ኖሯል። በነዚህ ቦታዎች በተደረጉ ጥናቶች በቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። ስለዚህ የወንዙ ነገር የውበት ነገር ብቻ አይደለም፤ ከምሶባችን ላይ የተቀመጠ ነገር ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ በወንዙ አጠገብ ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ አባት አነጋግረን ነበር። «አባባ፣ ይህ የወንዝ ዳር የማን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «የመንግሥት ነዋ፣ ልጆቼ» አሉን። «ታዲያ ቆሻሻ ሊደፋ የመጣውን ሰው ማን ይከለክለዋል?» አልናቸው። ሳቅ አሉና «እኔ ምን ብዬ ልከልክለው? ‹ያንተ ነው ወይ?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?» አሉን። እኛ በብዙ መጻሕፍት የፈለግነውን ነገር እኚህ አባት በአንድ ጥያቄ ገለጡት። የቄራ ወንዝ ዳር በሕግ ባለቤት አለው፤ «የእኔ ነው» ብሎ የሚመልስ ጠባቂ ግን የለውም።

በ2011 ዓ.ም. የከተማውን ወንዞች ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ለማልማት ትልቅ ዕቅድ ወጥቶ ሥራ ተጀምሯል፤ ኋላም በኮሪደር ልማት የወንዝ ዳር ሥራ ቀጥሏል። የመንግሥት እጅ በወንዙ ላይ መዘርጋቱ መልካም ነው፤ ከላይ የሚወርደውን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ማቆም የሚችለው መንግሥት ብቻ ነውና። በወንዝ ዳር የተተከለ ዛፍ ደለል ይይዛል፣ ዳርቻው እንዳይናድ ይረዳል፤ የፋብሪካ መርዝን ግን አያጠፋም። ስለዚህ የቄራ ሰው ብቻውን ወንዙን ሊያጸዳ አይችልም፤ ከላዩ ሌላ ሰፈር አለ። መንግሥትም ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም፤ በየድልድዩ ሥር ሌሊትና ቀን ዘበኛ ማቆም አይቻልም።

በከተማችን ለጋዚ ማኅበር ተመሳሳይ የሚሆን ድርጅት አለን ወይ? አለን እንላለን፤ እርሱም ዕድር ነው። ዕድር አባሉን ያውቃል፤ ደንብ አለው፤ ይቀጣል፤ ሂሳብ ይይዛል፤ ሃይማኖትና ቋንቋ ሳይለይ ጎረቤትን ያስተባብራል። አንድ ዕድር ወይም ጥቂት ዕድሮች በአንድነት ሆነው የተወሰነ የወንዝ ዳር በውል ቢረከቡ፣ እንደ ዶቅማ፣ ሾላና ቀርከሃ ያለውን የአገር ተክል ቢተክሉ፣ ከቀርከሃውና ከሣሩ የሚገኘውን ገቢ ለዕድሩ ሣጥን ቢያውሉ፣ ወረዳውም ቆሻሻ የደፋውን በእነርሱ ምስክርነት ቢቀጣ፣ ያ አባት ለጥያቄው መልስ ያገኙ ነበር።

ነገር ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት አለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በካዛንቺስ የነበሩት ነባር ቤቶች በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርሱ፣ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። አሮጌ የቆርቆሮ ቤት ይኑር ብለን አንከራከርም፤ የተሻለ ቤት ያገኘ ሰው እንዳለም አንክድም። ሆኖም ዕድር የጉርብትና ማኅበር ነውና ሰፈሩ ሲበተን የዕድሩ ጉልበት አብሮ ይበተናል። የወንዝ ዳር ዛፍ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚኖር የማያውቅ ሰው ግን ዛፍ አይተክልም። እንግዲህ ከተማን የሚያድስ ሰው መንገዱንና መናፈሻውን ሲያቅድ፣ መናፈሻውን የሚጠብቀው ሕዝብ የት እንደሚያድር አብሮ ማቀድ ይገባዋል።

7. መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ እንደ ተመለከትነው፣ የጋራ ደን የሚጠፋው የጋራ ስለ ሆነ አይደለም፤ «የእኔ ነው» የሚል ጠባቂ ሲያጣ ነው። ይህን ጠባቂ የሚፈጥረው ደግሞ ምክር ወይም የችግኝ ተከላ ቀን ብቻ አይደለም፤ መብትን ለሕዝቡ የሚሰጥ፣ ግዴታን የሚያሸክም፣ መንግሥትንም ራሱን የሚያስር ውል ነው። በጋዚ፣ በጓሣና በጭሊሞ የታየው ይህ ነው።

የቄራ ውሃ ባሕር ባይደርስም ሰው ዘንድ ይደርሳል። ከእኛ በታች በአቃቂ፣ በአዋሽ ዳር እስከ አፋር ድረስ የሚኖር ሕዝብ ይጠጣዋል፤ ከብቱንም ያጠጣበታል። ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የሕግ ተማሪዎች የአዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደን ክፍል በከተማ ወንዝ ዳር ሊሠራ ይችል እንደ ሆነ ይመርምሩልን። የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ለዳርቻው የሚስማማውን ተክል ይለዩልን። የኅብረተሰብ ጥናት ተማሪዎች ደግሞ በቄራና በቂርቆስ የቀሩትን ዕድሮች ቀርበው ያነጋግሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ዕድርና አንድ ወረዳ አንድ መቶ ሜትር ወንዝ ዳር በውል ለመረከብ ቢስማሙ፣ ይህ ጥናት የታለመለትን ፍሬ አፈራ እንላለን። ያ አባት «ያንተ ነው ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «አዎን፣ የእኛ ነው» ብለው የሚመልሱበትን ቀን ለማየት እንመኛለን።